ምክር የማያሻው ሳቅ

ለትናንሽ ልጆች የሚቀርብ የሰርከስ፣ የምትሃትና የመውደቅ መነሳት ቀልድ አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ መጨረሻው ላይ ምክር ሊኖረው ይገባል። እጃችሁን ታጠቡ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ ትምህርታችሁን አጥኑ። ምክሩ ክፋት የለውም። ጥፋታችን ምክር የሌለበትን ትርኢት እንደ ጊዜ ማባከኛ መቁጠራችን ነው። እኔ ግን እላለሁ፦ ክላውኑ ሆን ብሎ ሲወድቅ፣ የምትሃተኛው ዘንግ እጁ ላይ ሲሰበር፣ የአራት ዓመቷ ልጅ ከሳቋ ሌላ ማሟያ አያስፈልጋትም። ይህ ቲያትር ለልጆች ከሚሠሩት ጥበቦች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው፤ ልጅንም በእጅጉ ያከብራል።

ምትሃቱን እንይ። አዋቂ ሰው ሳንቲም ከመዳፍ ላይ ሲጠፋ የሚደነቀው ሳንቲም በራሱ እንደማይጠፋ ስለሚያውቅ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ግን የሚቻለውንና የማይቻለውን ገና እየለየች ነው። አምፖል በግድግዳ ማብሪያ ይበራል፤ የአያቷ ድምፅ ከስልክ ውስጥ ይወጣል፤ ታዲያ ሳንቲም ቢሰወር ምን ያስገርማል? ረቂቅ የካርታ ምትሃት ይዞ ሕፃናት ፊት የቆመ ሰው ብዙም ሳይቆይ መቁነጥነጡን ያያል። የልጆች ምትሃተኞች ይህን ስለሚያውቁ ነገሩን ገልብጠውታል። ጠፋ የተባለው መሐረብ ከምትሃተኛው ጀርባ ብቅ ይላል። ልጆቹ "ከኋላህ! ከኋላህ!" እያሉ ይጮኻሉ። እሱ ሲዞር መሐረቡም አብሮት ይዞራል። ቀጥ ብሎ የነበረው ዘንግ እጁ ላይ ተቆራርጦ ይንጠለጠላል፤ እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በኩራት ማወዛወዙን ይቀጥላል። ቀኑን ሙሉ "እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው" እየተባለች የምትውል ልጅ በዚያች ሰዓት ከአዋቂው በላይ ታውቃለች። አዳራሹን የሚያናጋው ጩኸት የዚህ እውቀት ደስታ ነው።

መውደቁም የራሱ ሕግ አለው። በጥንቱ የጣልያን ቲያትር፣ በኮሜዲያ ዴላርቴ፣ አርሌኪኖ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚይዘው መምቻ ከሁለት ቀጫጭን ሳንቃዎች የተሠራ ነበር። ሲያርፍ ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው በኃይል ይጮኻሉ፤ የተመታው ግን እምብዛም አያመውም። ድምፁ ትልቅ፣ ሕመሙ ትንሽ፤ የዚህ ጥበብ ምስጢሩ ይኸው ነው። ፒተር ማግሮውና ካሌብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰው የሚስቀው አንድ ነገር ከሥርዓት ሲወጣና በዚያው ቅጽበት ጉዳት እንደሌለው ሲታወቅ ነው ብለዋል። ሕፃን አፉን ሳይፈታ ይህን ያውቀዋል። በአራት ወሩ ገደማ መሳቅ ይጀምራል፤ እናቱ ፊቷን ሸፍና ድንገት ስትገልጠው ይፍለቀለቃል። ያንኑ የማያውቀው ሰው ቢያደርገው ሊያለቅስ ይችላል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሳቅና ለቅሶን የሚለየው መተማመን ነው።

በመሆኑም ጎበዝ ክላውን ሕፃናት ፊት እየጮኸ አይገባም። ርቆ ይቆማል፤ ልጆቹ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ፊቱን አይተው እስኪጠግቡ ይታገሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወድቅ ቶሎ ተነስቶ ምንም እንዳልሆነ ያሳያል። ሁለተኛው ላይ ከመውደቁ በፊት ጥቂት ይቆያል፤ ልጆቹ የሚመጣውን ቀድመው እንዲያውቁ ዕድል መስጠቱ ነው። በሦስተኛው ይወድቃል ብለው ሲጠብቁት አይወድቅም፤ ይልቁንም አጠገቡ ያለው ወንበር ይገነደሳል። ይህን የሚሠራ አካል አገጩን መሰብሰብ፣ ክብደቱን በትከሻና በጎን ማካፈል፣ መንከባለል የተማረ አካል ነው። ኳሶቹን በትክክለኛዋ ቅጽበት ለመጣልም መጀመሪያ ሳይጥሉ ማቀባበልን መቻል ይጠይቃል። አክሮባቱ ሲገለባበጥ እናጨበጭባለን፤ ክላውኑ ሲደናቀፍ ግን ችሎታው አይታየንም፤ ምክንያቱም ሙያው ችሎታን መደበቅ ነው።

የዚህን ሳቅ ዋጋ የጠረጠረ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከኒው ዮርኩ ቢግ አፕል ሰርከስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ማይክል ክርስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ክላውኖችን ወደ ታመሙ ሕፃናት አልጋ መውሰድ ጀመረ። በጣልያን ፍሎረንስ በ40 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ሲገቡ ክላውን የተከተላቸው ልጆች ጭንቀታቸው ክላውን ካልነበራቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እዚሁ አዲስ አበባም የፈካት ሰርከስ ክላውኖች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እየገቡ ያስቃሉ። መርፌ የምትጠብቅ ልጅ አልጋ አጠገብ ምክር የሚጨምር ክላውን የለም። እዚያ ሳቁ ብቻውን ከበቃ፣ ጤነኛው ልጅ ዘንድስ ለምን አይበቃም?

የምክር ልማዳችን አመጣጡ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውና ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌና ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው ሰርከስ፣ ኤችአይቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን የጤና መልእክት ተሸክሟል። መሸከሙም ተገቢ ነበር። ነገር ግን የአስጨናቂ ዘመን ግዴታ ቋሚ መመዘኛ መሆን አልነበረበትም። ከአርባ ዓመት በላይ ልጆችን በቴሌቪዥን ያነጋገሩት አባባ ተስፋዬ ሳህሉም ተረቶቻቸው ምክር ነበራቸው። ሆኖም ተረቱን የተሸከመው በመድረክ ኮሜዲ የተካነው ተዋናይ ነው፤ በወጣትነታቸው የሴት ገጸ ባሕርይ እስከመጫወት የደረሱ፣ ድምፃቸውንና ፊታቸውን እንደፈለጉ የሚያዙ ሰው። እኛ ምክሩን ወርሰን ሙያውን ዘነጋነው።

የመውደቅና የመማታት ቀልድ ልጅን ጠብ ያስተምራል የሚል ስጋት አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ ያለው በማን ላይ ነው የሚሳቀው በሚለው ውስጥ ነው። ክላውኑ የሚወድቀው በራሱ ጉራ፣ በራሱ ችኮላ፣ በራሱ ግትርነት ከሆነ ልጅ ክፋት አትማርም። በመንተባተብ፣ በማንከስ፣ በገጠሬነት ወይም በአነጋገር ዘዬ የሚያስቅ ከሆነ ግን መድረኩ ንቀት እያስተማረ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀልድ በኮሜዲያችን ውስጥ ጥቂት አይደለም። ልጅን መድረክ ላይ አውጥቶ መሳቂያ ማድረግም ከዚያው ይመደባል። መሳቂያ የሚሆነው ምንጊዜም አዋቂው፣ ያውም ወዶና ተዘጋጅቶ የገባበት ባለሙያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ቲያትር ቤቶቻችን በሳምንት አንድ ረፋድ ለትናንሽ ልጆች ይስጡ፤ ትርኢቱ አጭር፣ መቀመጫው ለመድረኩ የቀረበ፣ የመግቢያው ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ የሚቻል ይሁን። የቲያትር ትምህርት ክፍሎች ክላውንነትንና የመውደቅ ጥበብን እንደ ሙያ ያስተምሩ። ለሰርከስ ቡድኖች ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችም "ምን መልእክት አስተላለፋችሁ?" ከማለታቸው በፊት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ልጆቹ መቼ እንደሳቁ፣ መቼ እንደፈሩ፣ መቼ እንደተሰላቹ ይዩ። እነዚያን ሦስቱን የሚያውቅ ሰው ትርኢቱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ለመፍረድ ሌላ መስፈርት አያስፈልገውም።