ምንትዋብን በግንባቸው ብቻ አንመዝናቸው

ጎንደር ቁስቋም የወጣ ሰው የእቴጌ ምንትዋብን ፍርስራሽ ግንብና በግድግዳው ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች ያደንቃል። ከግንቡ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ግን የአገዛዛቸው ስልት ነው። በ1723 ዓ.ም. ከሕፃን ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ደፉ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውን ሾሙ፤ ልጃቸውንም ከኦሮሞ ባላባት ልጅ ከውቢት ጋር አጋብተው የዙፋኑን ወዳጅ አበዙ።

ዘመነ መሳፍንትን ያመጡት እሳቸው ናቸው የሚሉ አሉ። የቋራ ዘመዶቻቸውና የውቢት ወገኖች ሽኩቻ የትግራዩን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጎንደር ማስገባቱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. መገደሉ ለክሱ ማስረጃ ይሆናል። ሆኖም ዐፄ ተክለ ሃይማኖት የገዛ አባታቸውን ቀዳማዊ ኢያሱን ያስገደሉት ምንትዋብ ከመንገሣቸው በፊት ነው። የቤተ መንግሥቱ ደም መፋሰስ ከእሳቸው በፊት ከነበረ፣ ጥፋቱ ጋብቻው ሳይሆን ሥልጣን ከዝምድና በቀር ሌላ ዋስትና ማጣቱ ነው። ዛሬም ሹመትን በዘመድ አዝማድ የሚያጥር መሪ፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ለተተኪው የሚያወርሰው ጠብ ነው።