የበረዶ ሥጋ ኒሻን

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጀርመንን የ1941/42 የምሥራቅ ግንባር የክረምት ሜዳይ ፎቶ ለጥፎ «ጀግንነት ማለት ይሄ ነው» ብሏል። አንተ ልጅ፣ ታሪክ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ እኮ!

ሜዳዩ የወጣው በሜይ 1942 እ.ኤ.አ. ነው። 14 ቀን የተዋጋም፣ 60 ቀን በግንባር ያገለገለም፣ የቆሰለም፣ ክፉኛ ብርድ የመታውም ያገኘው ነበር። ከ3 ሚሊዮን በላይ ታድሏል። (ክረምት ስል የእኛን ዝናብ እንዳታስቡ፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ነው።) ለምን በረዳቸው? ሂትለር ሶቪየት በጥቂት ወራት ትወድቃለች ብሎ በቂ የክረምት ልብስ ሳያዘጋጅ ስላዘመታቸው ነዋ! ዲሴምበር ላይ ጎብልስ ከሕዝቡ የሱፍ ልብስ ይለምን ነበር። ካፖርት ላልደረሰው ሰው በኋላ ብረት ደረቱ ላይ ለጠፉለት። ወታደሮቹ ራሳቸው «የበረዶ ሥጋ ኒሻን» እያሉ ያፌዙበት ነበር፤ እነሱ የሳቁበትን አንተ ከ80 ዓመት በኋላ ታመልከዋለህ?

ደግሞ ማን ጠራቸው? ሰው አገር ወረው ነው የበረዳቸው። በዚያው ክረምት እነሱ የማረኳቸው የሶቪየት ወታደሮች በረሃብና በብርድ በመቶ ሺዎች አለቁ። የከበቧት ሌኒንግራድም በረሃብ ትረግፍ ነበር። ለእነዚህ ማን ሜዳይ ለጠፈ?

ፎቶውን አጥፋው አልልህም። ጽሑፉን ግን አስተካክለው።