ሚዛኑ ይመዘን!

«ባለ አንድ ዘፈን» እያሉ በዘፋኝ ላይ ማላገጥ በግቢያችን የተለመደ ወግ ሆኗል፡፡ እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ለመሆኑ ቆጣሪው ማነው?

ጃፓናዊው ኪዩ ሳካሞቶ በ1963 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር፣ በገዛ ቋንቋው ዘፍኖ፣ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ፡፡ ተከታዩ ዘፈን 58ኛ ላይ ሲቀር «ባለ አንድ ዘፈን» ተባለ፡፡ በአገሩ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ዝነኛ ነበር!

ይህም አልበቃ ብሎ፣ «ቀና ብለን እንሂድ» የሚል ትርጉም ያለውን ርእስ ነጋዴዎች ሰርዘው «ሱኪያኪ» አሉት፤ የበሬ ሥጋ ምግብ ስም ነው፡፡ ገጣሚው ሮኩሱኬ ኤይ ግን ግጥሙን የጻፈው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከአሜሪካ ጋር የገባችውን የጸጥታ ውል የተቃወመው ሰልፍ ሳይሳካ በመቅረቱ አዝኖ ነው፡፡ የሰልፈኛ እንባ በምግብ ስም ተቸበቸበ!

ሰንጠረዡ የቆጠረው አንድ አገር በየሳምንቱ የገዛውንና ራዲዮው ያሰማውን ብቻ ነው፤ የሰው ችሎታ እዚያ አልተጻፈም፡፡ ተማሪ ነን ካልን የሌላውን ሚዛን ሳንመረምር አንቀበል፡፡ ዘፋኙን ከመናቃችን በፊት ሚዛኑን እንመዝን!