የኤሊዋ ቅርፊት ምን ይነግራችኋል?

የዚህ ወር አምዳችን ስለ ውሻና ድመት አይደለም፤ ከአጥር ጥግ፣ ከአበባው ሥር ድምፅ ሳታሰማ ስለምትኖረው ኤሊ ነው። ውሻ ሲያመው ያቃስታል፣ ድመትም ጥግ ይዛ ትተኛለች። ኤሊ ግን ለወራት ታማም ልጆቹ “ደህና ናት፣ ዛሬም ተራምዳለች” ይሏችኋል። ስለ ጤናዋ ቀድሞ የሚናገረው ቅርፊቷ ነው።

ሰኮሩና በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ከተሞች የምትኖሩ ቤተሰቦች ጉዳዩን በተለየ ዓይን ልታዩት ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የተጓዘ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ የጊቤን ሙቀት ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሰኮሩ ሲደርስ አየሩ ይቀየራል። በአገራችን ከሚገኙት ኤሊዎች አንዷ፣ ቢጫማ ቅርፊቷ ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ ሞቃትና ፀሐያማ ቦታ የሚስማማት ናት። ወይና ደጋ ላይ ያለ ግቢ ውስጥ ስትኖር ረጅም ዝናብና ደመና ይጠብቃታል። ስለዚህ እዚያ ያለ ቤተሰብ ክትትሉን ጠበቅ ማድረግ አለበት።

ቅርፊቱ ሕይወት አለው

ብዙ ሰው ቅርፊቱን ኤሊዋ የተሸከመችው ድንጋይ አድርጎ ያየዋል። እንደዚያ አይደለም። ከሥሩ አጥንት ነው፤ የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋም ከእሱ ጋር ተዋህደዋል። ከላይ የምናያቸው ሰሌዳዎች ደግሞ ጥፍራችን ከተሠራበት ዓይነት ነገር የተሠሩ ናቸው። ነርቭም ደምም ስላለው ሲመታ ያማታል። እንዳትጠፋ ብሎ ገመድ ለማሰር ቅርፊቷን መብሳት አጥንቷን መብሳት ነው። ቀለም መቀባት፣ ቫርኒሽ ማድረግ ወይም እንዲያብረቀርቅ ዘይትና ቫዝሊን መለቅለቅም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በሰሌዳዎቹ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቆጥሮ “ይኼን ያህል ዓመቷ ነው” ማለት የተለመደ ነው። ቀለበቶቹ ግን እንደ ምግቧና እንደ ወቅቱ ስለሚበዙና ስለሚያንሱ ትክክለኛ ዕድሜዋን አይነግሯችሁም። እድገቷን ማወቅ ከፈለጋችሁ መለካት ነው የሚያዋጣው።

አንድ ደብተር፣ በወር አንድ ቀን

ደመወዝ የሚወጣበትን ሰሞን የኤሊዋ ቀን አድርጉት፤ አይረሳም። ሥራውን ለልጆቹ ስጧቸው፣ እናንተ አጠገባቸው ሁኑ።

መጀመሪያ ክብደት። ትንሿን በወጥ ቤት ሚዛን፣ ትልቋን በሱቅ ሚዛን መዝኑ። ከመታጠቧና ውኃ ከመጠጣቷ በፊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ቀጥሎ ርዝመት። ሜትሩን በጀርባዋ ጉብታ ላይ አታጠማዙት። ለጥ ባለ ወለል ላይ አስቀምጧትና ከፊቷና ከኋላዋ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ በመጻሕፍቱ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። በመጨረሻም ከላይ፣ ከጎንና ከሆዷ በኩል በስልክ ፎቶ አንሷት። ገልብጣችሁ ብዙ አታቆዩአት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ መናገር ይጀምራል። ክብደቷና ርዝመቷ አብረው በዝግታ ከጨመሩ ደግ ነው። ርዝመቷ ቆሞ ክብደቷ ብቻ የሚሮጥ ከሆነ ወይ ወፍራለች፣ ወይ እንቁላል ይዛለች፣ ወይ ሰውነቷ ፈሳሽ ቋጥሯል። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ካጣች ባለሙያ ሳታዩ አትደሩ።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚደሰቱት ቶሎ ስታድግ ነው። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው ተረት ለኤሊም ይሠራል። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ፓስታና የሥጋ ፍርፋሪ የምታገኝ ኤሊ በፍጥነት ትገዝፋለች፤ አጥንቷ ግን ከግዝፈቷ እኩል ላይጠነክር ይችላል።

በዓይንና በእጅ የሚታወቀው

በሰሌዳዎቹ መካከል ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ብታዩ አትደንግጡ፤ አዲስ እድገት ነው። የወንድ ኤሊ የሆድ ቅርፊት ወደ ውስጥ ሰርጎድ ማለቱም በሽታ አይደለም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። በቅርቡ የተፈለፈለች ኤሊ ቅርፊት ትንሽ ይለጠጣል። ያደገችው ግን ስትነካ ጠንካራ መሆን አለባት፤ ከለሰለሰች የካልሲየም ወይም የፀሐይ እጥረት አለባት። መጥፎ ሽታ፣ የሚያዥ ፈሳሽ፣ የሚላቀቅ ሰሌዳ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ነጠብጣብ የቅርፊት መበስበስ ምልክት ነው። በሆዷ ሰሌዳ ሥር ቀላ ያለ መልክ ከታየ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

እያንዳንዱ ሰሌዳ እንደ ትንሽ ጉልላት ወደ ላይ ሲሾል የምታዩት ሌላው ለውጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የምግብ ብቻ ይመስል ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የቪየና ተመራማሪዎች ጥናት ግን፣ በአገራችንም በምትገኘው ትልቋ የአፍሪካ ኤሊ ጫጩቶች ላይ ተሞክሮ፣ ከምግቡ ፕሮቲን ይልቅ የአየሩ ድርቀት ዋናው ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። አንዴ የሾለ ሰሌዳ አይመለስም፤ አዲሱ እድገት ግን ለጥ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው የልጅነት ዓመታቷ ክትትል ወሳኝ የሆነው።

እንግዲህ እርጥበት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሙቀት ያለበት እርጥበት ይጠቅማታል፤ ቅዝቃዜ ያለበት ጭቃ ያበሰብሳታል። ትንሿን በሳምንት አንድ ሁለቴ ለብ ባለ፣ ከአገጯ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል አስቀምጧት፤ ከዚያ በደንብ አድርቃችሁ ፀሐይ ላይ አውጧት።

ምግብ፣ ፀሐይና ክረምት

ዋናው ምግቧ ሣር ነው፤ ሰርዶ ካለ ከበቂ በላይ ነው። እሾኩ የተነቀለ የበለስ ቁልቋልም ይስማማታል። ቆስጣ ካልሲየምን ስለሚይዝባት አታዘውትሩት፤ ፍራፍሬም አልፎ አልፎ ብቻ። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁና አድቅቃችሁ በምግቧ ላይ ብትነሰንሱ ርካሽ የካልሲየም ምንጭ ነው። ጫት ወይም ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል በምትደርስበት ቦታ አይጣል።

ካልሲየሙ አጥንት ላይ እንዲደርስ ፀሐይ ያስፈልጋታል። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ቢሞቅም ለአጥንት የሚጠቅመውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ በክረምት ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ደጅ ትውጣ፤ መጠለያ ጥላም ይኑራት። ማደሪያዋ ጣራ ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ይሁን፤ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ አይሆንም። በእናንተ አካባቢ እንደ ልብ የሚገኘውን የቡና ገለባ አታንጥፉላት፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል።

ጉዳት ሲደርስ

ለግቢ ኤሊ የሚያሰጉ ሁለት ነገሮች ውሻና ወደ ኋላ የሚነዳ መኪና ናቸው። ቅርፊቷ ከተሰነጠቀ በንጹሕ የጨው ውኃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ሙጫ አታድርጉበት፤ ጀርም ውስጥ ታሽጉበታላችሁ። ከዚያ ወደ ወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ። ከሰኮሩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጅማ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም ቀኑን የሚያሳልፈው ከከብትና ከዶሮ ጋር ስለሆነ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። “መቼ ጀመራት? ምን ትበላለች? ስንት ትመዝን ነበር?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ አለ።

ኤሊ የላችሁም፣ ግን አማራችሁ? ከሜዳ አታንሷት፤ መንገድ ዳር ከሚያዞሯትም አትግዙ። የዱር እንስሳት በአዋጅ ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸው። ቀድሞ በግቢያችሁ ያለች ከሆነ ስለ ፈቃዱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ወስዳችሁ ጫካ አትልቀቋት።

ልጆች ኤሊዋን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ ብትመስልም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ደብተሩን ደግሞ ጠንከር ያለ ሽፋን ያለው ግዙ። ነብርማዋ ኤሊ በደንብ ከተያዘች ከ50 ዓመት በላይ ትኖራለችና፣ ዛሬ የመጀመሪያውን መስመር የሚጽፈው ልጃችሁ ደብተሩን ለራሱ ልጅ ማስረከቡ አይቀርም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።