ለፍሬንም ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል

ከጋላፊ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባ ተሳቢ በመንገዱ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆም ጭነት ያለው ሁሉ ያውቃል። የሚጠየቀውም የታወቀ ነው፤ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ዲክላራሲዮን፣ የኮንቴይነሩ ማሸጊያ። ወረቀቱ ይገለበጣል፣ ገመዱ ይነሳል፣ መኪናው ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ የፍሬኑን ሸራ የሚያይ፣ የአየር ቱቦው ይተነፍስ እንደሆነ የሚያዳምጥ፣ ሹፌሩን «መቼ ነው የተኛኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ስንት አለ?

እኛ ነጋዴዎች ፍተሻ ሲባል ፊታችን የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። ፍተሻ ማለት ለእኛ መዘግየትና «ለሻይ» የሚወጣ ገንዘብ ሆኗል። ስለዚህ «ፍተሻ ይቀነስ» ስንል ኖረናል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ የወረቀቱ ማቆሚያ ይቀነስ፣ የብረቱና የሹፌሩ ምርመራ ግን ይጀመር። ሁለቱን አንድ አድርገን በመቃወማችን እየተጎዳን ያለነው እኛው ነን።

በመንገዳችን ላይ በእውነት የሚለካ ነገር ካለ ሚዛን ነው። ኬንያ ውስጥ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሕግ መሠረት የአንድ ከባድ መኪና ጠቅላላ ክብደት ከ56 ቶን ማለፍ የለበትም፤ በኢትዮጵያም የሚዛን ጣቢያዎች የአክስል ጭነት ይለካሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር መሐንዲሶች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሚዛኑ የቆመው እንግዲህ በዋናነት ለአስፋልቱ ነው። ለአስፋልቱ መሟገቱ መልካም ነው። ከመንገዱ ዳር ለሚሄደው ተማሪ፣ ግመል ለሚነዳው እረኛና መሪ ለያዘው ሹፌር የሚሟገት ጣቢያ ግን ከሚዛኑ አጠገብ የለም።

«ቦሎ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። ግን ቦሎ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ምርመራ ውጤት ነው። ጅቡቲ የሚመላለስ መኪና በቀሩት ወራት የአፋርን ሙቀትና የደጋውን ዳገት ይፈራረቅበታል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከልክ በላይ ግሎ ይፈነዳል። ከሐረር በኩል የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መኪና ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ካልያዘ፣ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ሲወጣ ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። በመስከረም የተለጠፈ ቦሎ በሚያዝያ ስላለቀ የፍሬን ሸራ የሚናገረው ነገር የለም።

ማታ ደግሞ አለ። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ድንጋይና የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ምልክት በየመኪናው መኖሩን ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሞያሌ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በኢትዮጵያ በቀኝ፣ በኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። መሪው በግራ ያለ የእኛ መኪና ድንበሩን ሲሻገር ሹፌሩ ለመቅደም ሲሞክር ከፊት የሚመጣውን ለማየት ይቸገራል። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች መርቀው የከፈቱት የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ አገናኝቷል። ሰነድ አብረው የሚያዩ ሰዎች መስታወትና መብራትስ አብረው ቢያዩ ምን ይከብዳል?

አሁን ወደ ሹፌሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጣቱ ወደ እኛ ይዞራል። ሕዝቡ ጫት የሚጭነውን አይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ቀዩን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ስሙ የወጣው ለመኪናው ነው፤ ሰዓቱን የሚቆርጠው ግን የዕቃው ባለቤት ነው። ጫት ካደረ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ ይሸለማል፣ የዘገየ ይቀጣል። የተሳቢ ሹፌርም በቢያጆ የሚከፈለው ከሆነ፣ ወደቡ ላይ ተራ ሲጠብቅ ያባከነውን ቀን በሌሊት መንዳት ያካክሳል። እኛም ስልክ ደውለን «የት ደረስህ?» እንላለን እንጂ «አረፍህ ወይ?» አንልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእህል ነው፤ የሰው ሕይወት ከፈሰሰ አይለቀምም።

አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩበትን ደንብ እንይ። ዕቃ የጫነ ሹፌር 10 ሰዓት በተከታታይ ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው ቢበዛ 11 ሰዓት ነው፤ 8 ሰዓት ከነዳ ደግሞ የ30 ደቂቃ እረፍት ግዴታው ነው። መንገድ ዳር የሚቆመው መርማሪም ከመኪናው ሥር ይገባል። ሙሉው ምርመራ 37 ደረጃዎች አሉት፤ ሹፌሩንም መኪናውንም ይመለከታል። ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ያለበት መኪና እስኪጠገን ከዚያ አይንቀሳቀስም። ንጹሕ ሆኖ ያለፈው ግን እስከ ሦስት ወር የሚያገለግል ምልክት ይለጠፍለታል፤ ቀጣዩ ጣቢያ ምልክቱን አይቶ አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፈዋል። በደንብ የተፈተሸ መኪና በየጣቢያው አይጉላላም ማለት ነው።

«ያ አሜሪካ ነው» ለሚል፣ እዚሁ እጃችን ላይ ያለ ምሳሌ አለ። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ላይ ተፈርሞ፣ ዛሬ አንድ መኪና በአገሩ የገዛው መድን ድንበር ተሻግሮ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ያገለግላል። ኢትዮጵያም፣ ጅቡቲም፣ ኬንያም አባል ናቸው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ለሚከፈለው ገንዘብ አንዱ የሌላውን ወረቀት ካመነ፣ አደጋውን ለሚከለክለው ፍሬን ለምን አይተማመንም? አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ዝርዝር፣ በመነሻው ወይም በድንበሩ የሚደረግ አንድ እውነተኛ ምርመራ፣ ለተወሰኑ ወራት በኮሪደሩ ሁሉ የሚከበር አንድ ካርድ፦ ጥያቄያችን ይህ ይሁን።

ሁለት ስጋቶች ይነሳሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። አንደኛው፣ «ሌላ የመክፈያ በር ይከፈታል» የሚል ነው። መድኃኒቱ የሚለካ ነገር መለካት ነው። የጎማ ጥርስ በሚሊሜትር ይለካል፣ የፍሬን አየር በጌጅ ይነበባል። ውጤቱ በታተመ ቅጽ ላይ ተፈርሞ አንዱ ቅጂ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለባለንብረቱ ይድረስ። ሁለተኛው፣ በብድር አንድ መኪና ገዝቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ባለንብረት ጉዳይ ነው። ለእሱ ጥቃቅን ጉድለት የመጠገኛ ቀን ይሰጠው። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና የተሳቢ መገጣጠሚያ ግን ቀጠሮ የላቸውም።

መንግሥታት እስኪስማሙ ድረስ በእጃችን ያለውን እንጀምር። ከመጫናችን በፊት የመኪናውን ጎማና ፍሬን ሹፌሩ ባለበት እንይ፤ ሹፌሩ «አይሄድም» ካለ ቃሉን እንቀበል። በጭነት ውላችን ላይ የእረፍት ሰዓትን እንጻፍ፣ ለዚያ የሚጨምረውን ክፍያም አናጉረምርም። ቀድሞ ለደረሰ ጉርሻ መስጠትን እንተው። ማኅበራት ያላችሁ ደግሞ ይህን የካርድ ጥያቄ በስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጉትና ለትራንስፖርት ባለሥልጣናት በጽሑፍ አቅርቡ። ዕቃችን የሚደርሰው ሹፌሩ ሲደርስ ነው።