የኮንፊሽየስ ልጆች ዝም አላሉም

በየሻይ ቤቱና በየውሃው ሰልፍ ደጋግመን የምንሰማው አንድ አባባል አለ። «የሩቅ ምሥራቅ ሕዝብ ያደገው አለቃውን ስለሚያከብርና ዝም ስለሚል ነው፤ የአደባባይ ክርክርና ሹምን በሕግ መጠየቅ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛም አይበጀንም» ይባላል። እኛ ግን ይህ አባባል ከሥሩ የተሳሳተ ነው እንላለን። ምክንያታችንንም እነሆ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። ፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ በ1748 ስለ ሕግ ባሳተመው መጽሐፉ ቻይናን በፍርሃት የምትገዛ አገር ብሎ ፈረጃት። ጀርመናዊው ሃበርማስ ደግሞ በ1962 ባወጣው ሥራው፣ ሰዎች ስለ መንግሥት ጉዳይ በነጻ የሚመክሩበትን አደባባይ ልደት በአውሮፓ ጋዜጦች፣ በፓሪስ ሳሎኖችና በለንደን ቡና ቤቶች ዙሪያ አገኘው። በ1992 ባወጣው መጽሐፍም፣ ሕግ ተገቢ የሚሆነው የሚገዙለት ሰዎች ተመካክረው ሊስማሙበት ሲችሉ ነው ሲል አስተማረ። ትምህርቱ መልካም ነው። ስሕተቱ «ቡና ቤት ያልነበረው ሕዝብ አደባባይም አልነበረውም» ብሎ መደምደም ነው። ቡናው ራሱ ከእኛ ምድር የወጣ መሆኑን ለጊዜው እንለፈው!

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት፣ ዤንግ በምትባል የቻይና ግዛት ዚቻን የሚባል ሹም ነበር። ሰዎች በመንደር ትምህርት ቤት እየተሰበሰቡ የመንግሥትን ሥራ ስለሚነቅፉ «ይፍረስ» ተባለ። ዚቻን እምቢ አለ። የሕዝብ አፍ እንደ ወንዝ ነው፤ ቢገድቡት ጥሶ የሚያደርሰው ጥፋት ይብሳል የሚል ነበር ምክንያቱ። ኮንፊሽየስም ስለዚህ ነገር ዚቻንን እንዳመሰገነው ተጽፏል። በኮሪያም በቾሶን ነገሥታት ዘመን ንጉሡን መገሠጽ ሥራቸው የሆነ ሹማምንት ነበሩ። የታላቁ ትምህርት ቤት የሶንግዩንግዋን ተማሪዎች በአንድነት አቤቱታ ይጽፉ ነበር፤ የሚሰማቸው ሲያጡም ወደ መመገቢያው አዳራሽ አንገባም ብለው ያድሙ ነበር። የራሽንን ነገር የምናውቅ እኛ፣ ይህ ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ አይጠፋንም። እንግዲህ ዝምታ የተባለው ባህል የታለ?

ይሁን እንጂ የጥንቱን ሁሉ አናወድስም። ዚቻን በ536 ቅድመ ክርስቶስ ሕጉን በነሐስ ላይ አስቀርጾ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ወዳጁ የነበረ ሌላ ሹም በደብዳቤ ነቀፈው። ኮንፊሽየስ ራሱም ጂን የተባለችው ግዛት እንዲሁ ስታደርግ ሕዝቡ ታላላቆቹን ማክበሩን ይተዋል ብሎ ተቃውሟል ይባላል። በቾሶንም ሴቶችና ባሪያዎች ከምክሩ ውጭ ነበሩ፤ በለንደንም ቢሆን ሴቶችና ድሆች ከክርክሩ ገበታ ርቀው ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ገሣጩን ንጉሡ ቢያሻው ይሰማዋል፣ ባያሻው ያግዘዋል ወይም ይገድለዋል። ምክር ነበረ፤ ንጉሡን የሚያስገድድ ሕግ ግን አልነበረም። የጎደለው ይህ ነው እንጂ አንደበት አይደለም።

ይህንን ጉድለት ባህል ነው ብለው የሚሸጡልን አሉ። የሲንጋፖሩ ሊ ኳን ዩ በ1994 የምዕራቡ ዴሞክራሲ ለምሥራቅ እስያ አይስማማም ሲሉ ተከራከሩ። መልስ የሰጡት ፈረንጆች ብቻ አልነበሩም። ኮሪያዊው ኪም ዴ ጁንግ፣ በ1980 ሞት የተፈረደባቸው፣ በኋላም ስደትን የቀመሱት ሰው፣ በዚያው ዓመት የኮንፊሽየስን ተከታይ ሜንሺየስን ጠቅሰው ክፉ ገዥን ማውረድ የእስያም ትምህርት መሆኑን አስረዱ። በ1997ም ሕዝቡ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው።

የኮሪያ ሕዝብ በ1980 በኳንግጁ ደሙን አፈሰሰ፤ በ1987 ጎዳናውን ሞልቶ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብቱን አስመለሰ፤ በ1988 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቆመ። ይህ ፍርድ ቤት በ2005 ወንዱን ብቻ የቤት ራስ የሚያደርገው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም አለ፤ በ2008ም ሕጉ ቀረ። የኮንፊሽየስ ሊቃውንት ማኅበራት ተቃውመው ነበር። እነሱም አደባባይ ወጡ፣ ተከራከሩ፣ ተረቱ። ማንም አፋቸውን አልዘጋም። ታኅሣሥ 3 ቀን 2024 ማታ ፕሬዚዳንት ዩን ወታደራዊ ሕግ ሲያውጁ፣ ሌሊቱን ምክር ቤቱ 190 ለ0 ሻረው፤ ሚያዝያ 4 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ከሥልጣን አወረዳቸው። ይህ ዝም ያለ ሕዝብ ሥራ ነውን?

እኛም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት አለን። በዚያው አፋችን ደግሞ «በሕግ አምላክ!» ብለን ባለ ጉልበቱን እናቆማለን። ሁለቱም የእኛ ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ መርጦ «ባህላችሁ ይህ ነው» የሚለን ሰው ስለ ባህል የሚያስብ አይደለም፤ ስለ ወንበሩ ነው። ባህል ጸጥ ያለ ኩሬ አይደለም፤ ሰዎች የሚከራከሩበት ሸንጎ ነው። በእኛም መካከል ቢሆን ክርክርን የፈረንጅ ነው ብሎ የሚከለክለን ቢመጣ፣ የዚቻንን የመንደር ትምህርት ቤት እናስታውሰው።

ይህን የማይቀበል ካለ መልሱን ይጻፍ። ደብተሩ ክፍት ነው፤ ለተቃዋሚያችንም ገጽ አናጣም።