ስማቸው ያልተጠራው

ከዋጫ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ እያልኩ፣ የከፋ ማር ተሸክሜ አዲስ አበባ የድሮ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ግብዣ ላይ ደረስኩ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ጋር በእድገት በኅብረት የዘመትን ነን። «አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ቼና ወረዳ ነህ?» አለኝ ከአሜሪካ የመጣው። አዎ፣ እዚያው አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?

ልጅ ተቆጠረ፣ ቤት ተቆጠረ፣ የደም ግፊት ኪኒን ሳይቀር ተቆጠረ። በ1969 እና በ70 በቀይ ሽብር የቀሩብን ግን አልተቆጠሩም! ባነሳው «ጨዋታ አታበላሽ» ተባልኩ። ለመሆኑ እነሱን ረስቶ የምን የክፍል ጓደኝነት ነው? የሰማዕታቱ ሙዚየም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ መስቀል አደባባይ ቆሟል። የሚቀጥለውን ግብዣ ከዚያ በር ላይ እንጀምር፤ ስም በስም እንጥራቸው። ጥብሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።